መምህር ራሱን ሲመረምር
ስለ ክፍል ሥነ ሥርዓት አያያዝ

ደወል ተደውሎ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አዘውትሮ የሚሰማው አቤቱታ «የዘንድሮ ልጆች አስቸገሩን» የሚል ነው። አቤቱታው ከንቱ ነው አይባልም፤ ስድሳና ሰባ ልጆችን በአንድ ክፍል ይዞ ማስተማር ከባድ ሸክም ነውና። ሆኖም «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ፣ የተማሪውን ጥፋት ስንቈጥር የራሳችንን አሠራር ሳንመረምር እንዳንቀር ያሰጋል።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ሳስተምር ከኋላ የሚቀመጡ ልጆች ዘወትር ይረብሹኝ ነበር። ብገሥጽም፣ ብቀጣም፣ ከክፍል ባስወጣም ለውጥ አላየሁም። በመጨረሻ አንድ ባልደረባዬ ከክፍሌ ተቀምጦ አሠራሬን እንዲከታተል ለመንሁት። ትምህርቱ ሲያበቃ ያሳየኝ ወረቀት አንገቴን አስደፋኝ። ጥያቄዎቼ በሙሉ የቀረቡት ከፊት ለተቀመጡት ነበር፤ ከኋላ ያሉትን በስማቸው የጠራኋቸው ለተግሣጽ ብቻ ነበር። እነዚያ ልጆች ስማቸውን ከአፌ ለመስማት የቀረላቸው መንገድ መረበሽ ብቻ ሆኖ ኖሯል።

ጥናትም ይህንኑ ይመሰክራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጄኮብ ኩኒን በትምህርት ሰዓት ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ተማሪ ቢገሥጹ፣ ያልተነኩት ተማሪዎች ጭምር ጠባያቸው ሲለወጥ አዩ። በዚህ ተነሣሥተው ለዓመታት ከተመራመሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ የደረሱበት ግን ሌላ ነበር። ሥርዓት ያለውን ክፍል ሥርዓት ከሌለው የሚለየው ከጥፋት በኋላ የሚሰጠው ተግሣጽ ሳይሆን፣ መምህሩ ጥፋቱ እንዳይነሣ አስቀድሞ የሚያደርገው ነው፤ ይኸውም መላውን ክፍል ነቅቶ መከታተሉና ትምህርቱን ሳያቈራርጥ ማስኬዱ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮም እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ መከላከል ዘዴ በጻፉት አጭር ጽሑፍ፣ ከቅጣት ይልቅ የአስተማሪውን ከልጆች ጋር መገኘትና ፍቅሩን አስቀድመዋል።

ራስን መመርመር ራስን መኰነን አይደለም። ያደረግነውን በሐቅ ማየትና አንድ ነገር ማረም ነው። ለዚህም ከትምህርት በኋላ አምስት ደቂቃና አንድ ደብተር ይበቃሉ። የሚከተሉት ጥያቄዎች ይረዳሉ።

ሀ) ሁከቱ የተነሣው መቼ ነበር? ትምህርቱ ሲጀመር፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንሸጋገር ወይስ ጀርባዬን ሰጥቼ በሰሌዳ ላይ ስጽፍ?

ለ) ዛሬ እነማንን ጠየቅሁ? መልሳቸውንስ ምን ያህል ታግሼ ጠበቅሁ? ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ፣ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን መልሱ እንደሚሰፋና የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይተዋል።

ሐ) የገሠጽሁት በምን ቃል ነበር? ድርጊቱን ነቀፍሁ ወይስ ልጁን አዋረድሁ?

መ) ነገ የምለውጠው አንድ ነገር ምንድር ነው?

እኔ በማግሥቱ ጥያቄዬን ከኋላ ወንበር ጀመርሁ። ሁከቱ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ዳሩ ግን እጃቸውን አንሥተው የማያውቁ ልጆች ማንሣት ጀመሩ። የክፍሉን መጨናነቅ ማቃለል የአስተዳደር ድርሻ ነው፤ የእኛን ዓይንና አንደበት ማረም ግን የራሳችን ነው። እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ «ይህ ልጅ ምን ሆነ?» ከማለታችን በፊት «እኔ ምን አደረግሁ?» ብለን እንጠይቅ።