ቅጠሉን ብለህ ትከለው

ልጄ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ገዝተህ ጓሮህ ላይ ሙዝ ልትተክል ማሰብህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የሚስቁብህ ይኖራሉ፤ በረዶ በሚጥልበት አገር ሙዝ አይበቅልም ይሉሃል። ይበቅላል፤ በየዓመቱም ይመለሳል። ነገር ግን ተክሉን ሳያውቁ የተከሉ ብዙ ሰዎች በመጀመሪያው ብርድ ተስፋ ቆርጠው ነቅለው ሲጥሉት አይቻለሁና የማውቀውን በቁጥር አስቀምጬልሃለሁ።

1. ከሁሉ በፊት ዘሩን ለይ። ከገበያ ገዝተን የምንበላው ካቬንዲሽ የሚባለው ሙዝ ነው፤ እሱን ምንም ብታለብሰው የዚህን አገር ጥር ውጭ አያሳልፍም። ለአንተ ጓሮ የሚሆነው ሙሳ ባስጁ ነው። የጃፓን ሙዝ ይሉታል እንጂ ትውልዱ ደቡብ ቻይና ነው። ጃፓኖች ለውበቱ ሲተክሉት ኖረዋል፤ በ1680ዎቹ ባለቅኔው ማትሱኦ ባሾ በጎጆው ደጃፍ ተማሪው ከተከለለት ከዚሁ ሙዝ ነው የብዕር ስሙን የወሰደው። ችግኝ መሸጫ ስትሄድ «ብርድ የሚችል ሙዝ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይተህ አትመን፤ ሳይንሳዊ ስሙ የተጻፈበትን ፈልግ። ሙሳ ሲኪሜንሲስ የሚባል የሂማላያ አካባቢ ዘርም ይሸጣል። ቅጠሉ ያምራል፣ ብርድ ላይ ግን ከባስጁ ይደክማል። ለጀማሪ ባስጁ ይበቃል።

2. ተክሉ የሚኖረው ከመሬት በታች መሆኑን አትርሳ። ግንድ መስሎ የቆመው እርስ በርሱ ተጠቅልሎ የተደራረበ የቅጠል እግር ነው፤ እውነተኛው ግንድ ወፍሮ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። ቅጠሉ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እዚህ አገር በሚቆጠረው 32 ፋራናይት አካባቢ ላይ ይጠቁራል። ግንድ መሳዩ ትንሽ ይታገሣል። የተቀበረው ግን ጉዝጓዝ ከለበሰ የእናንተን አካባቢ ብርድ ይችላል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2023 ባሳደሰው የእፅዋት ካርታ አብዛኛው የዋሽንግተን ዙሪያ 7ኛው ዞን ነው፤ ይህም የዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊት በአማካይ ከ -18 እስከ -12 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል ማለት ነው። እንግዲህ ኅዳር ላይ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሶ ስታየው ሞተ ብለህ አትዘን። የምትጠብቀው ነፍስ አፈር ውስጥ ነው።

3. ፍሬ አትጠብቅ። አንድ ግንድ የሚያብበው ብዙ ቅጠል አውጥቶ ሲጨርስ ነው፤ እዚህ ያለው የሙቀት ወራት ለዚያ አጭር ነው። ግንዱን ከብርድ አትርፈህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ቢያብብልህም ፍሬው ትንሽ፣ ውስጡ ዘር የሞላበት፣ የማይበላ ነው። ያበበው ግንድ ከዚያ በኋላ ይሞታል፤ ከጎኑ የበቀሉት ይተኩታል። የአርባ ምንጭን ሙዝ እያሰብክ ከተከልከው ትከፋለህ። ቅጠሉን ብለህ ከተከልከው ግን ይክስሃል።

4. ፀሐይ የሚያገኝ፣ ነፋስ የማይበረታበት ቦታ ስጠው። ወደ ደቡብ የሚያይ የቤት ግድግዳ ወይም አጥር ጥግ ይስማማዋል። ነፋስ ተክሉን አይገድለውም፤ ቅጠሉን ግን እንደ ሪባን ይተለትለዋል፣ የተተለተለ ቅጠል ደግሞ ለኋላ ለምነግርህ ሥራ አይሆንም። ውሃ የሚያቁር ቦታ ላይ ከቶ አትትከል። ከብርዱ ይልቅ ብዙ የሚገድለው በብርድ ጊዜ ሥሩ ውሃ ውስጥ መክረሙ ነው። አፈርህ ሸክላማ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሠርተህ ብስባሽ ቀላቅልበት። ከቤቱ መሠረትም አንድ ሜትር ያህል አርቀው። የሰፈራችሁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለ ጓሮ ደንብ ካለው አስቀድመህ ጠይቅ።

5. ግንቦት ልደታ ሳያልፍ አትትከል። በፈረንጆቹ ሜይ 9 ላይ ስለሚውል ለእኛ ጥሩ ምልክት ነው፤ በዋሽንግተን ዳርቻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ውርጭ ሊመጣ ይችላል። ቀድሞ የተተከለ ሥሩን ሰድዶ ለብርዱ ይደርሳልና ከሐምሌ በኋላም አትትከል።

6. በላተኛ ነው፣ ጠጪም ነው። በሰኔና በሐምሌ ሙቀት በሳምንት አንድ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ ያንን የሚያደርገው ግን ካበላኸው ነው። ናይትሮጂንና ፖታሲየም ይፈልጋል። የበሰለ ፍግና ብስባሽ በዙሪያው አልብሰው፣ ዝናብ ከቀረ በጥልቀት አጠጣው። ነሐሴ ሲያልቅ ማዳበሪያውን አቁም፤ ዘግይቶ የወጣ ለስላሳ አካል ለብርድ ይጋለጣል።

7. አሁን ወደ ቅጠሉ። እዚህ አገር ድፎ ዳቦ ስንጋግር ኮባ ከየት ይምጣ ብለን ከእስያና ከላቲን አሜሪካ መደብሮች በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል እንገዛለን፤ አንዳንዱ ቤት ጭራሽ ትቶት በአሉሚኒየም ወረቀት ይጋግራል። እኔን ይህ ያሳዝነኛል፤ የድፎ ሽታ ግማሹ ከቅጠሉ ነውና። የዚህ ተክል ቅጠል ደግሞ እጅግ የሚሰፋውና የሚጎለምሰው በጳጉሜና በመስከረም ነው፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ልክ ይደርስልሃል። ከአንድ ግንድ ከሁለት በላይ አትውሰድ፣ ያልተቀደደውን ምረጥ። እጥበው፣ መሐል አጥንቱን በቢላ አንሳ፣ ከዚያ በእሳት ላይ ለብለብ አድርገው፤ መልኩ ሲያንጸባርቅና ሲለሰልስ ሳይሰበር ይታጠፋል። ድፎውን ከሥርም ከላይም አልብሰህ ጋግር። ለዚህ የምታውለውን ተክል ፀረ ተባይ ከቶ አትርጨው። የመጀመሪያው ውርጭ መምጣቱን የአየር ትንበያው ሲነግርህ፣ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት ላይ ነው፣ በዚያ ዕለት የቀረውን ደህና ቅጠል ሁሉ ቁረጥና አጥበህ፣ ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ። ሌሊቱ ሊያጠቁረው የነበረው ቅጠል ለገናና ለፋሲካ ዳቦ ይሆንሃል።

8. የማልበሱን ሥራ አትናቅ፣ አትቸኩልም። ተክሉ ገና ሲያድግ ከጠቀለልከው ይበሰብሳል። ውርጩ ቅጠሉን ካጠቆረው በኋላ፣ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ጨርስ። የቀረውን ቅጠል ከግንዱ ቁረጥ፤ ግንዱን እስከ ደረትህ ቁመት ድረስ አሳጥረው። አራት እንጨት በዙሪያው ትከልና የዶሮ ቤት ሽቦ ጠምጥምበት፤ በሽቦውና በግንዱ መካከል አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ይኑር። ክፍተቱን በደረቅ ቅጠል ወይም በገለባ ሙላ። የኦክ ዛፍ ቅጠል ከሜፕል ይሻላል፤ ሜፕል ሲረጥብ ይጣበቅና አየሩን ያስወጣዋል፣ ሙቀቱን የሚይዘው ደግሞ በመካከል ያለው አየር ነው። ስለዚህም አትጠቅጥቀው። የከብት ድርቆሽ አትጠቀም፣ የሣር ዘር ሞልቶበታል። ከላይ ዝናብ እንዳይገባ ጣውላ ወይም ላስቲክ ክደንበት፤ ጎኑን ግን ክፍት ተወው። ግንዱን ራሱን በላስቲክ የሚጠቀልሉ አሉ፤ ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። ከሽቦው ውጭም ሥሩ የሄደበትን ያህል መሬቱን በወፍራም ጉዝጓዝ ሸፍን። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ካጣህ ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገህ ቁረጥና ጉዝጓዝ ቆልልበት። ይመለሳል፤ ልዩነቱ ቁመቱን ከዜሮ መጀመሩ ነው። ግንዱ የተረፈለት ግን ካቆመበት ይቀጥላል፣ በአንድ የሙቀት ወቅት ከቤቱ መስኮት በላይ ይሆናል።

9. ሲሞቅ ቀስ ብለህ ግለጠው። መጋቢት ላይ አንድ ሞቃት ሳምንት ሲመጣ ልብህ ይቸኩላል። ከላይ ያለውን መክደኛ አንሣ፣ አየር ይግባ፤ ጉዝጓዙን ግን ውርጭ ማለፉን እስክታረጋግጥ በአጠገቡ አቆየው። ከዚያ ግንዱን ከላይ ጀምረህ በስል ቢላ በስሱ ቆራርጥ፤ ቡናማውና የላሸው አልቆ ነጭና ጠንካራ እስክታገኝ ድረስ ውረድ። ከነጩ መሐል አዲስ ቅጠል እንደ ጦር ሲወጣ ታያለህ። እስከ አፈሩ ድረስ ላሽቶ ብታገኘውም አትንቀለው፤ ከሥር የሚመጣው እስከ ሰኔ ሊዘገይ ይችላልና ታገሥ።

10. እንሰትን ለሚጠይቁኝ ደግሞ ይህን እላለሁ። ቅጠሉ ቀይ የሆነው የእኛው እንሰት «የአቢሲኒያ ሙዝ» ተብሎ እዚህ በየችግኝ ቤቱ ይሸጣል። ተክሉን ብሪታንያ ያገኘችው ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ከጻፈለት በኋላ፣ የምጽዋው የእንግሊዝ ቆንስል በ1853 ዘሩን ለኪው የእፅዋት ማዕከል ሲልክ ነው። ግርማውን የሚተካከል የለም፤ ደጋ ስለለመደም የበጋ ቀዝቃዛ ሌሊት አያስጨንቀውም። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ግን ይሞታል። ከውርጭ በፊት ከነሥሩ ንቀለው፣ ከመሐሉ አንድ ቅጠል በቀር ሌላውን ቁረጥ፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ለጥቂት ቀን ዘቅዝቀው፣ ከዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ምድር ቤት ያለ ውሃ አስቀምጠው። ልጅም በራሱ አይሰጥህም። የጉራጌና የሲዳማ ገበሬዎች ግንዱን ቆርጠው የመሐል ቡቃያውን አውጥተው በመቅበር ብዙ ችግኝ እንዲያፈልቅ ያደርጉታል፤ ሞያ ነው፣ ያየ ሰው ካላስተማረህ አትሞክረው።

11. ከአገር ቤት ችግኝ በሻንጣ አታምጣ። ያለ ፈቃድና ያለ የጤና ምስክር ወረቀት ማስገባት ክልክል ነው፤ ክልከላውም በከንቱ አይደለም። የእንሰት አጠውላጊ ባክቴሪያን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እንሰት ላይ ገልጠው ጽፈዋል፤ በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ተገኝቶ የብዙ ገበሬ ሙዝ አጥፍቷል። የሚጓዘው በታመመ ችግኝና በተበከለ ቢላ ጭምር ነው። አንተም ከአንድ ተክል ወደ ሌላ ስታልፍ ቢላህን አጽዳ።

12. ባስጁ ከተመቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ከጎኑ ብዙ ልጆች ያወጣል። ሁሉንም አትተው፤ ሦስት ወይም አራት ግንድ ለአንድ ጉድጓድ ይበቃል፣ አለዚያ ሁሉም ይቀጥናሉ። የሚነሣው ቅጠሉ ጠባብና ስለታም የሆነው፣ እስከ ጉልበትህ የደረሰው ነው፤ የራሱ ሥር እንዳለው በጣትህ አፈሩን ገልጠህ እይ፣ ከዚያ ከእናቱ ጋር የተያያዘበትን በአካፋ ቁረጥ። አትሽጠው፤ ለጎረቤትና ለቤተ ክርስቲያን ጓሮ ስጥ። የእኔም ዘንድሮ ብዙ አውጥቷል። ችግኝ ቤት ገንዘብ አታውጣ፤ ግንቦት ልደታ ካለፈ በኋላ አካፋና እርጥብ ጆንያ ይዘህ ና።