«ከመጣች»፣ «ብትመጣ»፣ «መጥታ ቢሆን ኖሮ»
የእንግሊዝኛውን «ኢፍ» በአማርኛችን በኩል እንረዳው



በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ከእንግሊዝኛ ጋር የሚገናኘው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በዚያው ቋንቋ ይመጣበታል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ ደጋግማ የምትመጣ አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ እርሷም «ኢፍ» ናት። የዚህችን ቃል አገባብ ያልለየ ተማሪ ሒሳቡን እያወቀ የተሰጠውን ከተጠየቀው ጋር ሊቀላቅል ይችላል፤ ደብዳቤ ሲደርሰውም ያልተገባለትን ቃል እንደ ተገባለት ሊቆጥር ይችላል።

በጥናት ክፍላችን የታናናሾቻችንን ደብተር ስንመለከት ብዙዎቹ የ«ኢፍ»ን ደንቦች በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ሆኖም «ወሬው ስለ ነገ ሆኖ ግሱ ለምን የአሁን ጊዜ ይሆናል? ወሬው ስለ አሁን ሆኖስ ለምን ኃላፊ ጊዜ ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ሩቅ አይደለም፤ በየዕለቱ ከምንናገረው አማርኛ ውስጥ ይገኛል።

ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል ጽፈናቸዋል። ድምፃችሁን እያሰማችሁ አንብቧቸው፤ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ ፊደል በደብተራችሁ ገልብጧቸው።

አማርኛችን ምን ያደርጋል?

«አልማዝ ነገ ከመጣች እነግራታለሁ» እንላለን። «መጣች» ብቻውን ሲቆም ኃላፊ ነው፤ የተፈጸመ ነገር ይናገራል። እዚህ ግን ከ«ነገ» ጋር አብሮ ገባ፤ ማንም አልተደናገረም። እንደገናም «አልማዝ አሁን እዚህ ብትኖር እነግራት ነበር» እንላለን። «ነበር» ያለፈውን የምንናገርበት ቃል ነው፤ ወሬው ግን ስለ አሁን ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። በሁኔታ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የግሱ መልክ ጊዜን ብቻ አይናገርም፤ ተናጋሪው ነገሩን «ሊሆን ይችላል» ወይስ «አይሆንም፣ አልሆነም» ብሎ እንደሚያስብም ይናገራል። አማርኛ ይህን ልዩነት በ«ከ»፣ በ«ብ» እና በ«ኖሮ» ያሳያል። እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም «ኢፍ»ን ስለሚጠቀም ልዩነቱን በግሱ ላይ ይጭነዋል። ይህን ከያዝን ደንቦቹ ቀላል ይሆናሉ።

1ኛ. ሁልጊዜ እውነት የሆነ ነገር

«ኢፍ ዩ ሂት አይስ፣ ኢት ሜልትስ።» በረዶ ካሞቁት ይቀልጣል። ትናንትም ዛሬም ነገም ያው ስለሆነ በሁለቱም ወገን ያለው ግስ የአሁን ጊዜ ነው። የሳይንስ መጻሕፍት በዚህ ዓይነቱ የተሞሉ ናቸው።

2ኛ. ወደፊት ሊሆን የሚችል ነገር

«ኢፍ አልማዝ ከምዝ ቱሞሮው፣ አይ ዊል ቴል ኸር።» አልማዝ ነገ ከመጣች እነግራታለሁ። ልትመጣም ላትመጣም ትችላለች። «ዊል» የሚገባው በውጤቱ ወገን ብቻ ነው፤ «ኢፍ አልማዝ ዊል ከም» ብሎ መጻፍ በተማሪዎች ደብተር አዘውትሮ የሚታይ ስሕተት ነው። እኛስ «ነገ ከትመጣለች» እንላለን? አንልም። ሁለቱም ቋንቋዎች በሁኔታው ወገን የወደፊቱን ጊዜ መልክ አይፈልጉም።

3ኛ. አሁን የሌለ፣ በሐሳብ ብቻ የሚታይ ነገር

«ኢፍ አልማዝ ወር ሂር፣ አይ ዉድ ቴል ኸር።» አልማዝ እዚህ ብትኖር እነግራት ነበር። የለችም ማለት ነው። በሁኔታው ወገን ኃላፊ ጊዜ፣ በውጤቱ ወገን «ዉድ» ይገባል። በዚህ ቦታ «ወር» ለ«አይ»ም፣ ለ«ሂ»ም፣ ለ«ሺ»ም ያገለግላል። በንግግር «ወዝ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በፈተና ግን «ወር» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

4ኛ. ያለፈና ሊለወጥ የማይችል ነገር

«ኢፍ አልማዝ ሃድ ከም የስተርደይ፣ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ኸር።» አልማዝ ትናንት መጥታ ቢሆን ኖሮ እነግራት ነበር። እንግዲህ አልማዝ መጣች ወይ? አልመጣችም። ተነገራት ወይ? አልተነገራትም። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድም አፍራሽ ቃል የለም፤ መልሱ ግን ሁለቱም «ኖ» ነው። በምንባብ ጥያቄ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። በ3ኛውም በ4ኛውም አማርኛችን በውጤቱ ወገን «እነግራት ነበር» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል፤ ለአሁኑ «ዉድ ቴል»፣ ላለፈው «ዉድ ሃቭ ቶልድ» ይላል። ስለዚህ ከአማርኛ ስንተረጉም «ነበር»ን ብቻ አይተን አንቸኩል፤ ወሬው ስለ ዛሬ ነው ወይስ ስለ ትናንት ብለን አስቀድመን እንጠይቅ።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

ሀ. «ቢ» ባየን ቁጥር «ዉድ» አንጻፍ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ተረቱ የሚናገረው ዘወትር ስለሚሠራ እውነት ነው፤ ስለዚህ ከ1ኛው ዓይነት ይቆጠራል። ፊደሉን ሳይሆን አሳቡን እንመርምር።

ለ. «አንለስ» ማለት «ካል» ማለት ነው፤ አፍራሹን በራሱ ውስጥ ይዟል። «ካላጠናህ አታልፍም» ለማለት «አንለስ ዩ ስተዲ» ይበቃል። «አንለስ ዩ ዱ ኖት ስተዲ» ብንል ግን «ካጠናህ አታልፍም» እንዳልን ይቆጠራል፤ ነገሩ ፈጽሞ ይገለበጣል።

ሐ. በአማርኛ ሁኔታው ይቀድማል፣ ውጤቱ ይከተላል። በእንግሊዝኛ ግን «ኢፍ» ወደ ኋላም ሊመጣ ይችላል። «ኢፍ» ሲቀድም በመካከል ነጠላ ሰረዝ ይደረጋል፤ ውጤቱ ሲቀድም አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም። ስለዚህ ተስፋ የሚሰጥ ቃል ስናነብ እስከ አራት ነጥቡ ሳንደርስ ደስ አይበለን።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት የነፃ ትምህርት ዕድል ጠይቆ መልስ መጣለት እንበል። ደብዳቤው «ዊ ዊል ፔይ ዩር ፊስ ኢፍ ዩ ፓስ ዘ ኤግዛም» የሚል ከሆነ ፈተናውን ካለፈ ክፍያው ይከፈልለታል፤ መትጋት አለበት። «ዊ ዉድ ፔይ ዩር ፊስ ኢፍ ዊ ሃድ ዘ መኒ» የሚል ከሆነ ግን ገንዘብ ቢኖረን እንከፍልልህ ነበር ማለት ነው፤ በትሕትና የተነገረ እንቢታ ነው። ሁለቱን ያልለየ ልጅ በሁለተኛው ደብዳቤ ተስፋ አድርጎ ሲጠብቅ፣ ሌላ ቦታ የሚያመለክትበት ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል።

መልመጃ

የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። መልሶቹን ከማየታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ዓይነት ለዩ።

ሀ. አውቶቡሱ ከዘገየ በእግራችን እንሄዳለን።
ለ. አሁን ጊዜ ቢኖረኝ እረዳህ ነበር።
ሐ. ትናንት ነግራችሁን ቢሆን ኖሮ እንጠብቃችሁ ነበር።
መ. ካላጠናህ አታልፍም።

መልስ

ሀ. ኢፍ ዘ ባስ ኢዝ ሌት፣ ዊ ዊል ዎክ።
ለ. ኢፍ አይ ሃድ ታይም ናው፣ አይ ዉድ ሄልፕ ዩ።
ሐ. ኢፍ ዩ ሃድ ቶልድ አስ የስተርደይ፣ ዊ ዉድ ሃቭ ዌይትድ ፎር ዩ።
መ. አንለስ ዩ ስተዲ፣ ዩ ዊል ኖት ፓስ።

በ«ለ» ውስጥ «ሃድ» ከ«ናው» ጋር መግባቱን አስተውሉ። አሁን ካላስደነገጣችሁ ትምህርቱ ገብቷችኋል ማለት ነው።

በመጨረሻም፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ኢፍ» ስታዩ ደንቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ተናጋሪው ይህን ነገር ሊሆን ይችላል ይላል ወይስ አይሆንም? የሚናገረውስ ስለ ዛሬና ነገ ነው ወይስ ስላለፈው? ሁለቱን ከመለሳችሁ ግሱ ራሱ ቦታውን ያገኛል። በሳምንቱ ውስጥ ከምታነቡት የትምህርት መጽሐፍ አምስት የ«ኢፍ» ዐረፍተ ነገሮችን ለቅማችሁ፣ ዓይነታቸውን ለይታችሁ ወደ ጥናት ክፍሉ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናያቸዋለን።