«ብላክ ሳባዝ» ስንል የትኛውን?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሴ ስህተት ነው። አንደኛ ዓመት እያለን በመረጥነው ሙዚቀኛ ወይም ባንድ ላይ አጭር መጣጥፍ እንድናቀርብ ታዘን ነበር። እኔ የእንግሊዙን የሄቪ ሜታል ባንድ ብላክ ሳባዝን መረጥኩና «ሄቨን ኤንድ ሄል» የተሰኘውን አልበም የዘፈነው ኦዚ ኦስቦርን ነው ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «የትኛው ብላክ ሳባዝ?» የሚል ጥያቄ ጽፈው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ባንዱ አንድ አይደል እንዴ? ቁጭ ብዬ ሳጣራው ግን ጥያቄው ልክ ሆኖ አገኘሁት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባንዱ የተመሠረተው በ1968 በበርሚንግሃም ከተማ ሲሆን መሥራቾቹ ድምፃዊው ኦዚ ኦስቦርን፣ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ፣ የቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለርና ድራመሩ ቢል ዋርድ ናቸው። አዮሚ በ17 ዓመቱ ይሠራበት በነበረ የብረታ ብረት ፋብሪካ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦታል። እሱ ግን ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራና መጫወቱን ቀጠለ። በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ላይ ደግሞ ጣቱን እንዲያቀልለት የጊታሩን ክሮች አላልቶ ቃኘ። ያ ከባድ ድምፅ የባንዱ መታወቂያ ሆነ።

በ1979 ኦዚ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ የተነሳ ከባንዱ ተባረረ። በቦታው የገባው አሜሪካዊው ሮኒ ጄምስ ዲዮ ነው። እኔ ለኦዚ የሰጠሁትን የ1980 አልበም የዘፈነውም እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ዋርድ ሲወጣ ቪኒ አፒስ ድራሙን ተረከበ። በ1983 ደግሞ የዲፕ ፐርፕሉ ኢያን ጊላን መጥቶ አንድ አልበም ዘፈነ።

ነገሩ ይበልጥ የገባኝ ሁለት ዓመቶችን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው። በ1986 የወጣው «ሰቨንዝ ስታር» አዮሚ ለብቻው ሊያወጣው ያሰበው አልበም ነበር። ድምፃዊው ግሌን ሂውዝ ሲሆን ከመሥራቾቹ የቀረው አዮሚ ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ ግን «ብላክ ሳባዝ» የሚለው ስም ተጻፈበት። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ አዮሚ፣ በትለር፣ ዲዮና አፒስ እንደገና ተሰባሰቡ። እነዚህ አራቱ በ1981 በብላክ ሳባዝ ስም «ሞብ ሩልስ»ን የሠሩ ናቸው፤ አሁን ግን «ሄቨን ኤንድ ሄል» ተብለው ነው መድረክ የወጡት። በአንዱ ስሙ አለ፣ ሰዎቹ የሉም፤ በሌላው ሰዎቹ አሉ፣ ስሙ የለም!

እስቲ ደግሞ እንቁጠር። ባንዱ 19 የስቱዲዮ አልበሞች አሉት። ኦዚ 9፣ ቶኒ ማርቲን 5፣ ዲዮ 3፣ ጊላንና ሂውዝ አንድ አንድ ዘፍነዋል። ስለዚህ ከግማሽ በላዩ ያለ ኦዚ የተሠራ ነው። አምስት አልበም የዘፈነውን ማርቲንን ግን እኔ ራሴ ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር።

በኅዳር 2011 አራቱ መሥራቾች ተመልሰናል ብለው አወጁ። ይሁን እንጂ በ2012 ዋርድ ልፈርመው የምችለው ውል አልቀረበልኝም ብሎ ቀረ፤ በ2013 በወጣው «13» አልበም ላይ ድራሙን የመታው ብራድ ዊልክ ነው። በ2017 በበርሚንግሃም የተደረገው የስንብት ኮንሰርትም ያለ ዋርድ አለፈ። አራቱ አንድ ላይ የታዩት ሐምሌ 5 ቀን 2025 በዚያው ከተማ በቪላ ፓርክ ስታዲየም ነው። ኦዚ ከ17 ቀን በኋላ በ76 ዓመቱ አረፈ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። እንደኔ እምነት ግን ስም ብቻውን ሲውል ከሥሩ የሠራውን ሰው ይሸፍናል። ዋርድ የሌለበትን ባንድ «የቀድሞዎቹ አባላት» ብሎ መዘገብ አንድን ሰው ከነቅሬታው መሰረዝ ነው። ስለዚህ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ባንድ ስንጽፍ ከስሙ ቀጥሎ ዓመቱን፣ ከዓመቱ ቀጥሎ በዚያን ጊዜ የነበሩትን ሰዎች እናስፍር። ያቺን ቀይ ጥያቄ እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።