«ጠንቀቅ በይ» ብቻውን አይበቃም

እናቴ ማታ ወደ ሥራ ስወጣ «ጠንቀቅ በይ ልጄ» ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም። አጎቴም አሌክሳንድሪያ ታክሲውን አስነስቶ ሲወጣ ከባለቤቱ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ምርቃት ስለሆነ ደስ ይለኛል። ባለፈው ሴሚስተር በወሰድኩት የሥራ ደህንነት ኮርስ የተማርኩት የመጀመሪያ ነገር ግን፣ ሠራተኛን «ተጠንቀቅ» ማለት አደጋን ከመከላከያ መንገዶች ደካማው መሆኑን ነው።

ትምህርቱ መንገዶቹን በደረጃ ያስቀምጣቸዋል። የሚበልጠው አደጋውን ጨርሶ ማስወገድ ነው። ካልተቻለ አደገኛውን ነገር በተሻለ መተካት፤ ያም ካልሆነ ሰውንና አደጋውን በመሣሪያ ወይም በግንባታ መለየት። የሥራ ደንብና ሥልጠና ከዚህ በታች ናቸው፤ ጓንትና የደህንነት ጫማ የመጨረሻዎቹ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሁሉም ነገር ሰው ሳይደክም፣ ሳይረሳና ሳይቸኩል በመሥራቱ ላይ ይንጠለጠላል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የማይደክም ማን ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በምሠራበት ነርሲንግ ሆም ያየሁትን ልንገራችሁ። አብራን የምትሠራ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት፣ አንዲት አዛውንትን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ብቻዋን ስታነሳ ወገቧን ቀጨም አደረጋት። ማንሻ ማሽኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር፤ ባትሪው ግን ሞቷል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ የሚባለው፣ ታካሚን በእጅ ለማንሳት የሚመክረው ከፍተኛ ክብደት 35 ፓውንድ፣ ወደ 16 ኪሎ ገደማ ነው። ሙሉ የ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ሰው ደግሞ እንደ ጀሪካን እጀታ የለውም፤ ይፈራል፣ ይንሸራተታል፣ አንገትሽን ይይዛል። እትዬ ሥልጠናውን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። የጎደለው የእሷ ጥንቃቄ ሳይሆን ባትሪው ነበር።

እሷ ግን «ትንሽ ነው፣ ያልፋል» ብላ ለማንም አልተናገረችም። ወገቧን በቅባት እየታሸች ሠራች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ስትናገር የመጣላት የመጀመሪያ ጥያቄ «እዚህ መጎዳትሽን በምን እናውቃለን?» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ቀኖቹን ያዙልኝ። በሜሪላንድ በድንገተኛ አደጋ የተጎዳ ሠራተኛ በ10 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ በቨርጂኒያ 30 ቀን ነው። መዘግየት ሁልጊዜ መብት ያሳጣል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሕክምና ወጪና የደመወዝ ካሳ ላይ ክርክር ይከፍታል። ስለዚህ ሕመሙ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ፈረቃ፣ በጽሑፍ፣ ቀንና ሰዓት ተጠቅሶ ይሰጥ፤ የስልክ መልእክትም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ቅጂውን እናንተ ዘንድ አስቀሩ። በሐበሻ ይሉኝታ «ሰው ላስቸግር አልፈልግም» የምንለው ነገር እዚህ አገር ወገብን ብቻ ሳይሆን ደሞዝንም ይበላል።

ባትሪውን የሚያስለውጠው ማነው? በ1970 የወጣው የሥራ ደህንነት ሕግ አሠሪ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ከሚችል የታወቀ አደጋ ነጻ የሆነ ቦታ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ማመልከቻው የሚገባበት ግን እንደየወንዙ ማዶ ይለያል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ለሜሪላንዱ ሞሽ፣ አሌክሳንድሪያ ከሆነ ለቨርጂኒያው ቮሽ፣ ዲሲ ያለ የግል ድርጅት ከሆነ ለፌዴራሉ ኦሻ። ስም እንዲደበቅ መጠየቅ ይቻላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታም ጥበቃውን አያስቀርም። በማመልከቱ ምክንያት የተባረረ ሰው በፌዴራሉ ሕግ ለመክሰስ ያለው 30 ቀን ብቻ ነው፤ ለእኔ አጭር ነው፤ ግን ሕጉ ይህ ነው። እኛ እዚያ ድረስ አልሄድንም። ሦስት ሆነን ቀን ጠቅሰን ጻፍን፤ በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ባትሪ መጣ፣ ቻርጀሩም ኮሪደር ላይ ተተከለ።

የአጎቴ ነገር ይከብዳል። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት 5,283 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሲሶ በላዩ የትራንስፖርት አደጋ ነው። የታክሲ ሹፌር በዚያ ላይ ዘረፋ አለበት። ከዚህ ብዙ የማትርቀው ባልቲሞር በ1996 በሹፌርና በተሳፋሪ መካከል መከለያ እንዲኖር ስታስገድድ በሹፌሮች ላይ የሚደርሰው ጥቃት በእጅጉ ቀንሷል። ይህ በደረጃው ከ«ተጠንቀቅ» በላይ ያለው መለያ ነው፤ ሹፌሩ ቢደክመውም ይሠራል። ግን አጎቴ በወረቀት ላይ የራሱ አሠሪ ነው። ኦሻ ተቀጣሪን እንጂ ራሱን የሚያሠራን ሰው አይሸፍንም፤ በአፕ የሚሠሩትም እንደ ነጻ ተቋራጭ እስከተቆጠሩ ድረስ ዕጣቸው ያው ነው። መከለያውን የሚገዛው፣ የእረፍት ሰዓቱን የሚወስነው፣ ቢጎዳ የሚታከመው በራሱ ኪስ ነው። ከመካከላችን ሕግ ወይም ፐብሊክ ፖሊሲ የሚያጠና ካለ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ካሜራ ገዝቶ አስገጥሟል። መከለያውን ግን «ተሳፋሪ ያስቀይማል፣ ጉርሻዬንም ያሳጣኛል» ይላል፤ እስካሁን አልተስማማንም።