ሐኪሙ ጻፈ፣ ካሳው ግን ተከለከለ

ከአሜሪካ ጦር የተሰናበተ ሰው የጉዳት ካሳ ለማግኘት በአብዛኛው ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ ዛሬ ያለበትን ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመኑ የደረሰበትን፣ የሁለቱን ግንኙነት።

ብዙዎች የሚወድቁት ሦስተኛው ላይ ነው። ጉልበቱን በዝላይ የተጎዳ ወታደር ከዓመታት በኋላ ወደሚያውቀው ሐኪም ይሄዳል። ሐኪሙም አዝኖለት «ሕመሙ ከውትድርናው ጋር ሊያያዝ ይችላል» የሚል ሁለት መስመር ጽፎ ይፈርምለታል። ያ ወረቀት ሰውየውን አያድነውም። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪኤ፣ የሚፈልገው የግንኙነቱ ዕድል ቢያንስ 50 በመቶ ነው የሚል አስተያየት ነው። ማስረጃው እኩል ለእኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይተረጎማል።

አኃዙን መጻፍ ብቻውን ግን አይበቃም። የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2008 በኒዬቬስ-ሮድሪጌዝ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የሐኪም አስተያየት ክብደት የሚያገኘው ከምክንያቱ ነው። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም፤ የአገልግሎት ዘመን የሕክምና መዝገብና ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይያዛል። ሐኪሙ ምን እንዳነበበ ይጥቀስ። ከስንብት በኋላ የተሠራው የጉልበት ሥራ ወይም ዕድሜ የሕመሙ ዋና ምንጭ ያልሆነው ለምን እንደሆነም ያስረዳ። የቪኤ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን መጻፍ ባይከለከሉም ብዙዎቹ አይደፍሩትም፤ ክሊኒክ ከክሊኒክ ይለያያል። መጠየቁ አይጎዳም።

ሌላው ወጥመድ ጊዜ ነው። ሐኪም ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ካሳ የመጠየቅ ሐሳብን ለቪኤ ማስመዝገብ ያሻል፤ ሙሉ ማመልከቻው በ1 ዓመት ውስጥ ከገባ ክፍያው ከተመዘገበበት ቀን ሊታሰብ ይችላል። «በሚቀጥለው ሳምንት እጽፍልሃለሁ» እየተባለ ዓመቱ ካለፈ የወራት ውዝፍ ክፍያ ይታጣል። ደብዳቤው ቢዘገይም ማመልከቻው በጊዜው ይግባ። ጥያቄው ውድቅ ሲሆንም 1 ዓመት አለ፤ አዲስ ደብዳቤ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ማስረጃ በሚቀበለው መንገድ ይሂድ እንጂ የበላይ ኃላፊ ምርመራ አይጠይቅ፤ እዚያ አዲስ ወረቀት አይታይም።

«የአገር ልጅ ነው» ተብሎ በቃል የሚደረገው ስምምነት ይቅር። ሐኪም ለደብዳቤው ማስከፈል ይችላል፤ ዋጋው፣ የሚያነበው መዝገብና የሚያስረክብበት ቀን ግን በጽሑፍ ይስፈር። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ዝግጅት ግን ገንዘብ መቀበል ወይም ከወደፊቱ ካሳ ድርሻ መዋዋል ሕጉ አይፈቅድም። ዕውቅና ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች በነፃ ይረዳሉ።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የ2022ቱ ፓክት አክት የተባለው ሕግ ይታይ። በቃጠሎ ጉድጓድ ጭስ ለተጋለጡ ወታደሮች አንዳንድ ሕመሞች ከአገልግሎቱ እንደመጡ ስለሚገመቱ የግንኙነት ደብዳቤ አያስፈልጋቸውም። ደብዳቤ በእጁ ያለም ቢሆን ቪኤ ለራሱ የሕክምና ምርመራ ከጠራው ይሂድ፤ ካልተመቸው ከቀኑ በፊት ደውሎ ያስቀይር። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ባለው ወረቀት ብቻ ይወሰናል፤ የካሳ ጭማሪ የጠየቀ ከሆነ ደግሞ ውድቅ ይደረግበታል።