የጋራ ሕንፃ ማኅበር፤ ጥቅሙና ጣጣው

ሰንበቴ ላይ ቤት የሠራ ሰው አጥሩን አጥሮ በግቢው ያዛል። በኮንዶሚኒየም ግን እንዲህ አይደለም። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽ ቧንቧው የሁሉም ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራውን እንዲያስተዳድሩ፣ ወጪውንም እንዲያዋጡ ደነገገ።

ጣሪያ ሲያፈስ የሚጎዳው የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ነው፤ የምድር ቤቱ ሰው «እኔን ምን አገባኝ?» ቢልም ይከፍላል። ቧንቧ ሲዘጋ ደግሞ ቆሻሻው የሚወጣው በእሱ በር ነው። ያን ጊዜ የላይኞቹም ያዋጡለታል።

ጣጣውስ? በግ ማረድ፣ በርበሬ መውቀጥ፣ በገዛ በረንዳ ቆርቆሮ መምታት እንኳ በመተዳደሪያ ደንብ ነው። ሰብሳቢው ሒሳቡን ካላሳየ መዋጮው ጠብ ያመጣል። ተከራይማ ደንቡን ያከብራል እንጂ ድምፅ የለውም። እድር ቢሆን ቅር ያለው ይወጣል፤ ከዚህ ማኅበር ለመውጣት ግን ቤቱን መሸጥ አለበት።