አረንጓዴውን አትለፊው

ቆይ ቆይ፣ መቀሱን አውርጂው እስቲ። ጽዱን የእንቁላል ግንብን ጉልላት ልታስመስዪው ነው አይደል? ያምራል። ግን እላዩ ላይ ተደፍተሽ አይሆንም፤ ትንሽ ቁረጪ፣ ከዚያ ራቅ ብለሽ ዙሪያውን እይው።

ነይ ይቺን ቅርንጫፍ ግለጫት። ላይዋ አረንጓዴ፣ ውስጧ ግን ቡናማ እንጨት ብቻ፤ አየሽ? የፈረንጅ ጽድ እንደ ጌሾ አይደለም። ጌሾ እስከ ጉቶው ብትቆርጪው ያቆጠቁጣል፣ ባሕር ዛፍም እንደዚያው። ይሄኛው ግን ቅጠል ከሌለው እንጨት ላይ ለጋ አያወጣም፤ ከአረንጓዴው አልፈሽ ከገባሽ ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል። እማዬ ቤት በሩ አጠገብ ያለው መላጣ የማን ሥራ መሰለሽ? የኔ! ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል ብዬ ላስተካክል ገብቼ ነው። ስንት ጥምቀት አለፈ፣ ዛሬም ድመቷ በዚያው ትገባለች ትወጣለች።

ደሞ ለጥምቀት ብለሽ ጥር ላይ እንዳትነኪው። ዝናቡ ከሄደ ቆይቷል፣ መሬቱ ደርቋል። ዳባትና ደባርቅ ወገን ቢሆንማ ለጋውን ውርጭ ይፈጀዋል። ዋናውን ቆረጣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ፣ ማስተካከያውን ከመስቀል ብዙም ሳይርቅ ጨርሺው።

አጥሩን ስትቆርጪ ሲባጎ በሁለት ችካል ወጥሪ፤ በዓይኔ እለካለሁ የሚል ሰው አጥር ሁሌም ወደ ጎረቤት ያዘነብላል። ታቹ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ሰፋ፣ ላዩ ጠበብ ይበል። ላዩን ካሰፋሽው ታችኛው ፀሐይ አጥቶ ይራቆታል። መቀሱንም አስስዪው፣ ከዶለዶመ ቅጠሉን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ውኃ በፈረቃ ነው ብለሽ በየቀኑ ጣሳ ጣሳ አታርከፍክፊበት። አዲስ የተተከለውን በሳምንት ሁለቴ፣ ማታ ማታ፣ ሥሩ ድረስ አጠጪው። ሳሙና የነካው ውኃ ግን አይሆንም።

ቅርንጫፉ ከውስጥ እየቀላ ከመጣና እጅሽ ላይ እንደ ማር ከተጣበቀ፣ የውኃ ጥም እንዳይመስልሽ። የጽድ ክሽክሽ ነው። በፈረንጆቹ 1986 ማላዊ ታይቶ፣ በ1990 ኬንያ ገብቶ፣ ኋላም እኛ ጋ የደረሰ ተባይ ነው። በየጊዜው ውስጡን እየገለጥሽ እይው፤ የተያዘውን ቆርጠሽ እዚያው አትጣዪው፣ አቃጥዪው።

በይ፣ አሁን በስተግራሽ ያፈነገጠችውን ጫፍ ብቻ። አንድ ጣት ያህል።

አንድ ጣት አልኩሽ እኮ!